ልጄ ምላሷን ትጠቀልላለች፣ እኔና አባቷ አንችልም። ምን ማለት ነው?

የአቶቴ እናት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። የባዮሎጂ የቤት ሥራ ተሰጣት። የቤተሰቡን ሰው አንድ በአንድ እያየች ሰንጠረዥ ትሞላለች። ምላሱን መጠቅለል ይችላል አይችልም? የጆሮው ጫፍ የተንጠለጠለ ነው ወይስ የተጣበቀ? ጉንጩ ላይ ስርጉድ አለው? እንዲህ እያለ ይሄዳል።

እሁድ ቡና ላይ ነበርን። አማቴም ነበሩ። ልጅቷ እየሳቀች ሁላችንንም ምላስ አስወጣችን። እሷ ግራና ቀኙን አጥፋ ቱቦ ታደርገዋለች። እኔ ብሞክር አልሆነልኝም። አባቷም አልቻለም። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች። «ምላስ መጠቅለል ዶሚናንት ነው። ሁለቱም ወላጆች የማይችሉ ከሆነ ልጃቸው አይችልም» ይላል። አማቴ ስኒያቸውን ረከቦት ላይ መለሱት። ባለቤቴ ምንም አላለም። ግን ያን ዕለት ማታ ራት አልበላም።

እኔ ራሴን አውቃለሁ። ልጅቷ የእሱ ናት። ማወቅ የምፈልገው ደብተሩ ላይ ያለው ነገር እውነት መሆኑን ነው። እውነት ካልሆነ ለምን ለልጆች ይሰጣል? የሚያውቅ ሰው በግልጽ ያስረዳኝ።

ሐይቅ ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

አይዞሽ እህቴ። እኔ ሳይንሱን አላውቅም፤ ግን በምላስ ምክንያት ትዳር አይናጋም። የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ተረጋጊ።

የባዮሎጂ መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እህቴ፣ መልሱን በቅድሚያ ልንገርሽ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ትክክል አይደለም። ምላስ መጠቅለል ስለ አባትነት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ይህን ለባለቤትሽም ለአማትሽም ያለ ፍርሃት ንገሪያቸው።

ነገሩ ከየት መጣ? በ1940 አልፍሬድ ስተርተቫንት የተባለ አሜሪካዊ የጄኔቲክስ ሊቅ ምላስ መጠቅለል በአንድ ዶሚናንት ጂን (ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባሕርይ መመሪያ ነው) የሚወረስ ይመስላል ብሎ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ስተርተቫንት ትልቅ ሰው ነው። በዓለም የመጀመሪያውን የክሮሞሶም (ጂኖች የሚደረደሩበት ክር) ካርታ በ1913 ያወጣው እሱ ነው። ስለዚህ ያለውን ሁሉም ተቀበለው። ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ሄደ።

በ1952 ማትሎክ የተባለ ተመራማሪ ከአንድ እንቁላል የተገኙ 33 ጥንድ መንትዮችን ምላስ አየ። እንደነዚህ ያሉ መንትዮች ጂናቸው አንድ ነው። ጉዳዩ የአንድ ጂን ብቻ ቢሆን ኖሮ ወይ ሁለቱም ይችላሉ፣ ወይ ሁለቱም አይችሉም። በ7 ጥንዶች ላይ ግን አንዱ ይጠቀልላል፣ ሌላው አይችልም። በልጅነታቸው ሳይችሉ ቆይተው ከፍ ሲሉ የሚችሉም አሉ። ስተርተቫንት ራሱ በ1965 ነገሩ አሁንም እንደ ተረጋገጠ ምሳሌ ሲጠቀስ ማየቱ እንደሚያሳፍረው ጽፏል። መጽሐፎቹ ግን እሱን አልሰሙትም። ይሄ ያበሳጨኛል። ባለቤቱ የተወውን ሐሳብ እኛ ዛሬም ሐዋሳ ውስጥ ለልጅ እንሰጣለን። ጦሱ ደግሞ ቤት ድረስ ገብቶ ራት ያስቀራል።

የፒያሳ ባጃጅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ 10ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ሜንዴል፣ አተር፣ ዶሚናንት፣ ሪሴሲቭ ብለው ነው ያስተማሩን። ታዲያ ያ ሁሉ ከንቱ ነው እያሉን ነው? እውነቱን ለመናገር እኔ ልጄ ጆሮው ቁርጥ የእኔ ነው። ይሄስ?

የባዮሎጂ መምህር
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00

ኧረ በፍጹም! ሜንዴል ያየው ነገር ጥርት ያለ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ባልተጠና ነገር ላይ መለጠፉ ነው።

ግሬጎር ሜንዴል ብርኖ በምትባል ከተማ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ባለችው፣ ገዳም ውስጥ መነኩሴ ነበር። ከ1856 ጀምሮ ለዓመታት አተር ሲያዳቅል ኖረ። ክብ ፍሬ የሚሰጠውን ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ክብ ሆነ። የተጨማደደው የጠፋ መሰለ። እነዚያን ክቦች እርስ በርሳቸው ሲያዳቅል ግን ተመልሶ መጣ። ቆጠራቸው። 5474 ክብ፣ 1850 የተጨማደደ። ሦስት ለአንድ ማለት ነው። ሥራው በ1866 ታተመ፤ ዓለም ግን እስከ 1900 ድረስ ልብ አላለውም።

ትርጉሙ ይሄ ነው። አብዛኛውን ጂን ሁለት ሁለት አድርገን ነው የምንይዘው። አንዱ ቅጂ ከእናት፣ አንዱ ቅጂ ከአባት። ዶሚናንት የምንለው አንዱ ብቻውን ቢኖር ራሱን የሚያሳየውን ነው። ሪሴሲቭ ደግሞ ሁለቱም እሱ ካልሆኑ አይታይም። ከአንድ ዶሚናንት ጋር ሲሆን ተደብቆ ይኖራል፣ ተደብቆም ለልጅ ይተላለፋል።

ይህ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታየው መልኩን የሚወስነው በዋናነት አንድ ጂን ሲሆን ነው። የአተር ፍሬ እንደዚያ ሆኖ ተገኘ። የሰው ፊት ግን በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ልጅህ ጆሮህን መውረሱ እውነት ነው፤ መልክ ይወረሳል። የሚወረሰው ግን በብዙ ጂኖች ጥምረት ነው። በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም።

ፀጉር ቤት
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡20

ስለ ጆሮ ከተነሳ እኔም አንድ ነገር ልበል። ፀጉር ቤት አለኝ፤ ጆሮም እበሳለሁ። ሕፃናትም ትልልቅ ሴቶችም ይመጣሉ። ቀዳዳው የት ላይ እንደሚሆን ለማወቅ በእስክርቢቶ ነጥብ አደርጋለሁ፤ ስለዚህ ጆሮን በቅርብ ነው የማየው። ጫፉ ወርዶ የተንጠለጠለ አለ። ቀጥ ብሎ ጉንጭ ላይ የተሰፋ የሚመስል አለ። አብዛኛው ደንበኛዬ ግን መሐል ላይ ነው። ትንሽ ወረድ ያለ፣ ትንሽ የተያዘ። ሎቲ ሳስመርጥ ይሄን እያየሁ ነው። የአንድ ሰው ግራና ቀኝ እንኳን እኩል የማይሆንበት ጊዜ አለ። ነጥቡን ሁለቴ ሰርዤ የማስተካክለው ለዚያ ነው። እና «የተንጠለጠለ ወይስ የተጣበቀ» ብሎ ሁለት ሳጥን ብቻ ማስቀመጥ ለእኔ አይገባኝም። መሐል ያለውን የት ላድርገው?

የባዮሎጂ መምህር
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡10

እህቴ፣ አንቺ በእስክርቢቶሽ ያየሽውን ተመራማሪዎችም አይተውታል። በ2017 በወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ጆሮ ተመርምሮ ከጆሮ ጫፍ ቅርጽ ጋር የተያያዙ 49 የጂን ቦታዎች ተገኝተዋል። 49! ሁለቱም ወላጆች የተጣበቀ ጆሮ ኖሯቸው የተንጠለጠለ ጆሮ ያለው ልጅ ቢወለድ የሚገርም ነገር የለውም።

የዓይን ቀለምም ያው ነው። «ቡናማ ሰማያዊን ይሸፍናል» የሚለው በከፊል እውነትነት አለው። 15ኛው ክሮሞሶም ላይ ያሉ ሁለት ጎረቤታም ጂኖች ትልቁን ሥራ ይሠራሉ። ሌሎች ብዙ ጂኖች ግን ገብተውበታል። ስለዚህ ሰማያዊ ዓይን ካላቸው ሁለት ወላጆች አንዳንዴ ቡናማ ዓይን ያለው ልጅ ይወለዳል። ስርጉድም፣ የግንባር ፀጉር ቅርጽም፣ የአውራ ጣት መታጠፍም በአንድ ጂን እንደሚወረሱ የተረጋገጠ አይደለም።

የላብራቶሪ ሰው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ንጹሕ የሜንዴል ነገር የሚፈልግ ካለ የደም ዓይነትን ይመልከት። ኤና ቢ ሁለቱም ኦን ይሸፍናሉ፤ እርስ በርስ ግን አይሸፋፈኑም። አብረው ሲመጡ ሁለቱም ይታያሉ፣ ኤቢ ይሆናል። አንዱ ወላጅ ኤ ሌላው ቢ ሆነው ኦ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ፤ ሁለቱም ኦን ደብቀው ይዘው ከሆነ። ይሄን ሰዎች አያምኑኝም። ውጤት ልሰጣቸው ስወጣ ኮሪደር ላይ ፊታቸው ሲቀያየር አያለሁ።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ካርድ ላይ ተሳስቶ የተጻፈ የደም ዓይነት አጋጥሞኛል። ከተለመደው የሚወጡ ብርቅ ዓይነቶችም አሉ። የደም ዓይነት ካርድ አይታችሁ ስለ ልጅ አትፍረዱ። አባትነትን የሚያረጋግጠው የዲኤንኤ ምርመራ ብቻ ነው።

ባለ ስድስት ጣት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

እኔ ስወለድ ሁለቱም እጆቼ ላይ ከትንሿ ጣት ጎን ተጨማሪ ጣት ነበረኝ። አያቴም ነበራት። አባቴ ግን የለውም። ሰፈር ውስጥ ስድስት ጣት ዶሚናንት ነው ሲሉ እሰማለሁ። ዶሚናንት ከሆነ አባቴን እንዴት ዘለለው? ደግሞ ዶሚናንት ከሆነ ለምን ሰው ሁሉ ስድስት ጣት የለውም?

የባዮሎጂ መምህር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሁለቱም ጥያቄዎችህ ጥሩ ናቸው። ከሁለተኛው ልጀምር፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ዶሚናንት ማለት የበዛ ማለት አይደለም። ጠንካራ ወይም የተሻለ ማለትም አይደለም። አንድ ቅጂ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው፣ በቃ። ቅጂው በሕዝቡ ውስጥ ብርቅ ከሆነ መልኩም ብርቅ ነው። አኮንድሮፕሌዢያ የሚባለውን በአጭር ቁመት የሚታወቀውን ሁኔታ ውሰድ። ዶሚናንት ነው፤ ግን በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ከአምስቱ አራቱ ያህል የሚወለዱት መደበኛ ቁመት ካላቸው ወላጆች ነው። ጂኑ ላይ አዲስ ለውጥ ስለተፈጠረ ነው እንጂ ማንም ያመጣው ነገር የለም። በተቃራኒው ኦ የደም ዓይነት ሪሴሲቭ ነው፣ ግን በየቤቱ አለ።

አባትህን በተመለከተ፣ ተጨማሪ ጣት ብዙ ጊዜ በዶሚናንት መንገድ ይወረሳል፤ ግን ጂኑን የያዘ ሁሉ አያሳየውም። አባትህ ከአያትህ ተቀብሎ፣ ሳይታይበት ለአንተ አሳልፎት ሊሆን ይችላል።

ነርስ ከታቦር በታች
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

በዚሁ ላይ ልጨምር። ሕፃኑ ተጨማሪ ጣት ይዞ ሲወለድ ቤት ውስጥ በክር የሚያስሩ አሉ። እባካችሁ አታድርጉ። ሊመረቅዝ ይችላል፣ አጥንት ያለበትም አለ። ሐኪም ይየው።

እኔ ግን የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው። መምህር ስለ ሪሴሲቭ ሲጽፉ ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት አንድ ማዋለጃ ክፍል ትዝ አለኝ። እናትየው ጠይም፣ አባትየው ጥቁር። ሕፃኗ ስትወጣ ቆዳዋ ነጣ ያለ ሐምራዊ ነበር። ፀጉሯ እርጥብ ሆኖ እንኳን እንደ ገለባ ያበራል። አልቢኒዝም ነው፤ ሰውነት የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም በበቂ የማይሠራበት ሁኔታ። ሕፃኗን ጠቅልዬ ለእናቷ ስሰጥ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ባሌ ምን ይላል?» የሚል ነበር። ልጇን ገና በደንብ አላየቻትም።

ይህ ነው እውነተኛው ሪሴሲቭ። እናትም አባትም አንድ አንድ ቅጂ ደብቀው ይዘው ይኖራሉ። ቆዳቸው ላይ ምንም ምልክት የለም። በአፍሪካ በብዛት የሚታየው ዓይነት ኦሲኤ2 ከሚባል ጂን ጋር የተያያዘ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በብዙ ቦታ ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ ሰው ውስጥ አንድ ያህል እንዳለ ይገመታል። እንዲህ ቅጂውን ደብቀው የያዙ ሁለት ሰዎች፣ ተሸካሚዎች የምንላቸው፣ ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ አልቢኒዝም ሊኖርበት የሚችለው ዕድል ከአራት አንድ ነው። በእያንዳንዱ ነው የምለው። አንዱ ልጅ ስለያዘው ቀጣዮቹ ሦስቱ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም።

ልብ በሉ፣ የተለመደው መንገድ ሁለቱም ወላጆች ቅጂውን መስጠታቸው ነው። አባትየው በዚህ ምክንያት ሚስቱን ሲጠረጥር እሱ ራሱ ግማሹን እንደሰጠ አያውቅም። ለዚያች እናት ይህንኑ ነገርኳት። ለባሏም በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት።

የቀይ ዳማ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10

እኔ ስድሳ ዓመት አልፎኛል። በእኛ ጊዜ እናቶቻችን «ማህፀን ዥንጉርጉር ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉት ነበር። እኛ ቤት ስድስት ነን። ታላቄ ጥቁር፣ እኔ የቀይ ዳማ፣ ታናሻችን ቀይ። እናትና አባታችን ሁለቱም ጠይም ነበሩ። ለዚህ ማንም ማንንም አልጠረጠረም። መምህር፣ ይሄም ዶሚናንትና ሪሴሲቭ ነው?

የባዮሎጂ መምህር
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

እርስዎ ያመጡት ምሳሌ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። የቆዳ ቀለም በብዙ ጂኖች ድምር ነው የሚመጣው። እንደ በርበሬ ያስቡት። እናትና አባት እያንዳንዳቸው ከያዙት ቅመም ግማሹን ነው የሚሰጡት፤ የትኛው ግማሽ እንደሚሆን ደግሞ በየልጁ ይለያያል። ስለዚህ ሁለት ጠይሞች ከሁለቱም የጠቆረም ከሁለቱም የቀላም ይወልዳሉ። የእናቶቻችሁ አባባል ትክክል ነበር።

የእኛ አገር በዚህ ጥናት ውስጥ ስሟ አለ። በ2017 በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና ሰዎች ላይ የተሠራ የቆዳ ቀለም ጥናት ታትሟል። ከዚያ በፊት ከቆዳ ቀለም ጋር መያያዙ ያልታወቀ ጂን ተገኝቶበታል። በአውሮፓ ሰዎች ዘንድ የቆዳ መቅላት ዋና ምክንያት የሆነ አንድ የጂን ዓይነት ኢትዮጵያ ውስጥም ብዙ ሰው ላይ እንደሚገኝ ታይቷል። በአንድ ቤት ጥቁርም ጠይምም ቀይም መኖሩ የሚያስገርመን አይመስለኝም።

የአቶቴ እናት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ የጻፉትን ባለቤቴ ራሱ ስልኬ ላይ አነበበው። የመንትዮቹ ጋ ሲደርስ ሁለቴ ተመልሶ አነበበ። ለእናቱም በሲዳምኛ አስረዳቸው። አሁን የቀረኝ የልጅቷ ነገር ነው። የቤት ሥራው ሰኞ ይሰበሰባል። ምን ትጻፍ? ያየችውን ከጻፈች ልክ አይደለም ይሏታል። ትዋሽ?

የባዮሎጂ መምህር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡50

በፍጹም አትዋሽ። ያየችውን ትጻፍ። ከሥሩ ደግሞ «ሁለቱም ወላጆቼ አይችሉም፣ እኔ እችላለሁ፤ ስለዚህ ምላስ መጠቅለል በአንድ ዶሚናንት ጂን ብቻ አይወረስም» ብላ ትጨምርበት። የሳይንስ ሥራ ማለት ይሄው ነው። የእኔ ተማሪ ብትሆን ሙሉ ማርክ እሰጣት ነበር።

የ9ኛ ቢ ኃላፊ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

መምህር፣ እኔም አስተማሪ ነኝ፤ በአንድ ነገር አልስማማም። ይህ የቤት ሥራ ልጆች ከሚወዷቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። ላብራቶሪ የለን፣ ማይክሮስኮፕ የለን። ምላስና ጆሮ በነፃ ያገኘናቸው መሣሪያዎች ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ዶሚናንትና ሪሴሲቭ አለ፤ በምን ላሳይ?

የባዮሎጂ መምህር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

ችግርህ ገብቶኛል፣ እኔም ያለሁበት ነው። ግን ክፍልህ ውስጥ አጎቱ ጋ የሚያድግ ልጅ አለ። በማደጎ የመጣች አለች። አባቱን የማያውቅ አለ። «የእናትህንና የአባትህን ጆሮ አምጣ» ስትለው ምን ይዞ ይመጣል?

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ምላስና ጆሮ ክፍል ውስጥ እናያለን፣ ስም ሳይጻፍ ሰሌዳ ላይ ብቻ እንቆጥራለን። ከዚያ «መሐል ላይ ያለውን የት እናድርገው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ልክ ፀጉር ቤቷ እንዳለችው። ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው። ዶሚናንትንና ሪሴሲቭን ለማሳየት ደግሞ ሁለት ሳንቲም ይበቃል። ዘውድ አንዱ ቅጂ፣ ጎፈር ሌላው። ሁለት ተማሪ አንድ አንድ ሳንቲም አብረው ይወረውራሉ፤ መቶ ጊዜ ያህል ይመዝግቡ። ሁለቱም ጎፈር የሚሆንበት ወደ ሩብ ይጠጋል። የሜንዴልን ሦስት ለአንድ በእጃቸው ያገኙታል፣ የማንም እናት ሳትነካ።

የ9ኛ ቢ ኃላፊ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡25

የሳንቲሙን እሞክረዋለሁ። አመሰግናለሁ።

የሻሸመኔ ልጅ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡40

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ጥያቄዬ ለነርሷ ነው። ወንድሜ አልቢኒዝም አለበት። ሊያገባ ነው፤ እጮኛው ጠይም ናት። ቤተሰቧ «ልጆቻችሁ ሁሉ እንደሱ ይሆናሉ» ብለው ከልክለዋታል። እውነት ነው? እኔስ? የእኔ ቆዳ እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ ግን ተሸካሚ ልሆን እችላለሁ?

ነርስ ከታቦር በታች
ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡30

ወንድሜ፣ እውነት አይደለም። ወንድምህ ሁለቱም ቅጂዎቹ የተለወጡ ናቸው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጁ አንድ ይሰጣል። ይህ ግድ ነው። እጮኛው ግን ተሸካሚ ካልሆነች ከእሷ የሚመጣው ደህናው ነው፣ ልጆቹም አልቢኒዝም አይኖርባቸውም። ሁሉም ተሸካሚ ብቻ ይሆናሉ። እሷም ተሸካሚ ከሆነች በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የወንድምህ ዘመድ ካልሆነች ተሸካሚ የመሆኗ ዕድል አነስተኛ ነው። ቤተሰቧን የሚያሳምን ከሆነ ይሄንን አንብብላቸው።

አንተን በተመለከተ፣ ወላጆቻችሁ ሁለቱም ተሸካሚዎች ከሆኑ አንተም ተሸካሚ የመሆንህ ዕድል ከሦስት ሁለት ነው። ከአራት አይደለም፤ ምክንያቱም አራተኛው ዕጣ አልቢኒዝም ነው፣ አንተ ደግሞ እንደሌለብህ እናውቃለን። ከቀሩት ሦስት ዕጣዎች ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው። የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ምንም አያሳምምህም። ስታገባ ግን የቅርብ ዘመድ ብታገባ ያው ቅጂ እሷም ጋ የመኖሩ ዕድል ከፍ ይላል።

ለወንድምህ ሌላ መልእክት አለኝ። የፀሐይ ነገር ቀልድ አይደለም። ቆዳው መከላከያው ስላነሰ የቆዳ ካንሰር አደጋው ከፍተኛ ነው። ክብ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከቤት ሲወጣ ሁልጊዜ። ቁስል መስሎ የማይድን ነገር ቆዳው ላይ ካየ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ዓይኑንም ካልተመረመረ ዓይን ሐኪም ይየው።